ሆረር ኮሜዲ (የሚያስፈራም የሚያስቅም ፊልም) ሠርታችሁ ተመልካች ፊት ስትቀርቡ ልትሠሯቸው የማይገቡ ስህተቶች

ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው። ለድሮ ክላሲኮች ክብር የሚሰጡ ሆረር ኮሜዲዎች ለሙከራ ሲታዩ ከኋላ ቁጭ ብዬ የማየው ፊልሙን ሳይሆን ተመልካቹን ነው። ፊልሞቹ ይለያያሉ፣ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው።

የፊልም አፍቃሪ ጓደኞችን ብቻ መጥራት። ይሄን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዳይሬክተሩ የድሮ ፊልም በቃላቸው የሚያውቁ ጓደኞቹን ሰብስቦ ያመጣል። "ሳይኮ" ከተባለው የድሮ አስፈሪ ፊልም የተቀዳው ትዕይንት ይመጣል፦ የሻወር መጋረጃ ይታያል፣ ቢላ ይነሳል፣ ቫዮሊኑ ይጮኻል፣ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ "አየህ?" ይላል። አየሁ እንጂ! ግን ሰዎቹ የሳቁት "ሳይኮን አውቀዋለሁ" ለማለት ነው። ይሄ የማወቅ ሳቅ ነው። ቶሎ ይፈነዳል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ የሳቀው ሰውም አጠገቡ ያለውን በክርኑ ጎሸም ያደርጋል። የቀልድ ሳቅ ትንሽ ይዘገይና ከወንበር ወደ ወንበር እየተጋባ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውን ሳይኮን ያላየ ሰው እዚያ ቢቀመጥ የሚያየው ሴት፣ ውሃና ቢላ ነው። ቀልዱ ለእሱ የት አለ?

የሜል ብሩክስን ኮሜዲ "ያንግ ፍራንከንስታይን" (1974) ተመልከቱ። በጥቁርና ነጭ ነው የተቀረጸው፣ የላብራቶሪው ዕቃ ሳይቀር ከ1931ዱ "ፍራንከንስታይን" የተረፈ ነው። የድሮውን ያየ ሰው ደስታውን አይችለውም። ያላየውም ይስቃል፣ ምክንያቱም በቤተሰቡ ስም እያፈረ "ፍሮንከንስቲን በሉኝ" ብሎ የሚጨቃጨቅ ዶክተር ማንንም ያስቃል።

እኔም በዚሁ ወድቄያለሁ። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ለክፍል ጓደኞቼ ሳሳይ ከሳቁ ብዛት ንግግሩ አልሰማ አለ። ለማያውቁኝ ሰዎች ሳሳየው ጭጭ። አንዲት ሴት ብቻ ሳል ይዟት ነበር። የአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም ሁለት ሰዓት ሆነብኝ። ስለዚህ ቢያንስ ግማሹ ተመልካች የድሮውን ያላየ ይሁን፣ እናንተንም የማያውቅ።

ዝምታን መፍራት። አዳራሹ ዝም ሲል ጀማሪ ይደነግጥና እዚያ ቦታ ላይ ቀልድ ይጨምራል። ኧረ ተዉ! በአስፈሪው ቦታ ዝም ካሉና ስልካቸውን ካልነኩ ፊልሙ ይዟቸዋል ማለት ነው። ከድንጋጤው በኋላ የሚመጣው ሳቅ ግን ሌላ ነው፣ ትንፋሽ ማውጫ ነው። ቀጥሎ ያለውን ንግግር ስለሚውጠው ጥቂት ሰከንድ ክፍተት ተዉለት።

ጭራቁን ማላገጫ ማድረግ። በ1948ቱ የአቦትና ኮስቴሎ የፍራንከንስታይን ኮሜዲ ቤላ ሉጎሲ ድራኩላን የተጫወተው በቁም ነገር ነው። የሚያስቀው የሁለቱ ኮሜዲያን ፍርሃት ነው። በ1981ዱ "አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን" ደግሞ ለስላሳ ዘፈን እየተሰማ ሰውየው ወደ ተኩላ ሲቀየር አጥንቱ ሲሰበር ይሰማችኋል። የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር በዚህ ሥራ የመጀመሪያውን የሜካፕ ኦስካር ወሰደ።

"ወደዳችሁት?" ብሎ መጠየቅ። ሁሉም አዎ ይላል። "የት ጋ ሰዓትህን አየህ?" በሉ።

ገጸ ባሕርዩ "ይሄ እኮ ልክ እንደዚያ ፊልም ነው" ካለ፣ ቁረጡት።

የመጀመሪያውን ምሽት እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ መውሰድ። ከተመልካች ለፊልሞች ውጤት የሚሰበስበው የአሜሪካ ድርጅት ሲኒማስኮር የሚጠይቀው ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት የገባውን ሰው ነው። ሊፈራ ከፍሎ የገባ ሰው ሲያስቁት ሊናደድ ይችላል። ተቺዎች ያወደሱት "ዘ ካቢን ኢን ዘ ዉድስ" እዚያ ያገኘው ደካማ ውጤት ነው፣ "ሲ"። ዳይሬክተሮች በዚህ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ግን መጀመሪያ ትሬለራችሁን እዩት። ለተመልካቹ ቃል የገባችሁት ሳቁን ነው ወይስ ፍርሃቱን?

የመጨረሻው፣ የድሮውን መናቅ። ክብር እሰጣለሁ ብሎ ጀምሮ የሚሳለቅ አለ፣ አድናቂ ደግሞ ይሄን ከሩቅ ያሸታል። ያላላገጠው የኤድጋር ራይት የዞምቢ ኮሜዲ "ሾን ኦፍ ዘ ዴድ" ግን በ2004 ሲወጣ የዞምቢ ፊልም አባት የሚባለው ጆርጅ ሮሜሮ ወደደው። ራይትን እና ዋናውን ተዋናይ ሳይመን ፔግን ጠርቶ በ2005ቱ ፊልሙ ውስጥ ዞምቢ አድርጎ አጫወታቸው።