ፋይበር ላይ አንቲቦዲ ከመለጠፋችሁ በፊት

ክረምት ላይ ከኮዬ ፈጬ ቂሊንጦ ላብ እስክደርስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነው። ጭቃው በር ላይ ይቀራል፤ እርጥበቱ ግን አብሮኝ ይገባል። አንቲቦዲን (በሽታ አምጪውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ፋይበር ላይ ለጥፎ በሽታን በብርሃን የሚለይ መሣሪያ ለመሥራት ደግሞ ጠላቱ እሱ ነው።

መጀመሪያ የኦፕቲካል ፋይበሩን፣ ብርሃን የሚያስተላልፈውን የመስታወት ክር፣ የፕላስቲክ ልባስ ግፈፉ። የሚቀረው መስታወት 125 ማይክሮሜትር ነው፤ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ብጥስጣሹን በፕላስተር እያነሳችሁ ስለት መጣያ ውስጥ ክተቱ። አንዴ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ፒፔት መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ከዚያ በአሴቶንና በኢታኖል አጽዱት። ቀጥሎ እኩል በእኩል የተቀላቀለ ሜታኖልና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ 30 ደቂቃ፣ ፊውም ሁድ (የኬሚካል ጭስ የሚስብ ሳጥን) ስር ብቻ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ። እኔ አንድ የማይክሮስኮፕ ስላይድም አብሬ አጥባለሁ። የውሃ ጠብታ ጣል ሳደርግበት ከተንጣለለ ጸድቷል። ከተድበለበለ፣ እንደገና ማጠብ ነው።

አሁን ኤፒቲኢኤስ የሚባለው ኬሚካል። መስታወቱ ላይ አሚን የሚባል የኬሚካል መያዣ ይተክላል፣ ፕሮቲኑ የሚያዝበት ማለት ነው። 2 በመቶውን ውሃ በሌለው ኢታኖል ውስጥ በጥብጡ፤ ያኔውኑ ተጠቀሙበት፣ ነገ የለም። ጠርሙሱን ከፍታችሁ ወሬ እንዳትጀምሩ። እርጥበት ካገኘው እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ገንፎ ይጓጉላል። የወፈረ ንብርብር ደግሞ አንቲቦዲውን ይዞት ይታጠባል። ሳይታጠብ ቢቀር እንኳ፣ አንቲቦዲው የያዘውን የሚያየው ከመስታወቱ የሚሾልከው ብርሃን በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ቢሄድ ነው። 30 ደቂቃ ነክራችሁ በኢታኖል አለቅልቁና 110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ግማሽ ሰዓት አድርቁት። መብራት ካልሄደ።

ቀጥሎ አሚኑን ከአንቲቦዲው ጋር የሚያያይዘው ግሉታራልዲሃይድ፣ 2.5 በመቶ በፒቢኤስ (አሚን የሌለው የጨው ባፈር)፣ አንድ ሰዓት። አለቅልቁ። ከዚያ አንቲቦዲው፦ በሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም፣ በፒቢኤስ፣ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ይደር።

ሦስት ሳምንት የበላኝ እዚህ ጋ ነው። ድሮ በሠራሁበት ላብ አንቲቦዲው የተቀመጠው ትሪስ በሚባል ባፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ብልቃጡን አላነበብኩም። ትሪስ ራሱ አሚን አለው። ግሉታራልዲሃይዱ ቀድሞ እሱን ይይዝና ለአንቲቦዲው ቦታ አይተርፍም። ፋይበሬ ጭጭ አለ፤ ናሙና ውስጥ ስነክረው ምልክት አይሰጥም። እኔ ደግሞ ሌዘሩን ስወቅስ ከረምኩ። ስለዚህ ብልቃጡን አንብቡ፤ ትሪስ ወይም እንደሱ አሚን ያለው ግላይሲን ካለው ባፈሩን ወደ ፒቢኤስ ቀይሩት።

በመጨረሻ ባዶ የቀረውን ቦታ በ1 በመቶ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) አንድ ሰዓት ሸፍኑ። ያለ አንቲቦዲ ቢኤስኤ ብቻ የያዘ አንድ ፋይበርም አዘጋጁ። ናሙናው ውስጥ ስትነክሯቸው ሁለቱም እኩል ከጮኹ፣ የያዛችሁት በሽታውን አይደለም።