ማርቲኒ-ሄንሪ ከመግዛታችሁ በፊት

የድሮ የእንግሊዝ ጠመንጃ ለምትሰበስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማርቲኒ-ሄንሪ ስታገኙ ቶሎ ኪሳችሁ አትግቡ። መጀመሪያ በቀኝ ጎኑ ያለውን ጽሑፍ በባትሪ እዩት። ከዘውድ ምልክቱ ሥር ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከተንጋደዱ፣ በተለይ "ኤን" (N) ተገልብጣ ከተቀረጸች፣ በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ድንበር ባለው በኻይበር መተላለፊያ አካባቢ በእጅ የተሠራ ቅጂ ሊሆን ይችላል። እሱ ግድግዳ ላይ ያምራል፤ አይተኮስበትም።

እውነተኛው ቢሆንም ጠመንጃ ጠጋኝ ሳያየው አትሞክሩት። የሚጎርሰው በጥቁር ባሩድ የተሞላ ቀለህና ከለስላሳ እርሳስ የተሠራ አረር ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግፊቱ ስለሚበዛ ፊታችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ተኩሳችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ዕለቱን በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት። ካደረ ይዝጋል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ይዘውት ለመጡት፣ እኛ ስናድር ለምንለው ጠመንጃም ነገሩ ያው ነው።