ትንሿን ቪትዝ ለትራክ ማዘጋጀት፦ ከሞተሩ በፊት ምን ይቀድማል?

ቪትዝ ያለው ሰው ትራክ (የመኪና ውድድር ሜዳ) ላይ መንዳት ሲያምረው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። የኔ መልስ «ሞተሩን ለጊዜው ተወው» ነው። ቱርቦ ከሌለው ትንሽ ሞተር ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት ውድ ነው፤ ትርፉም ያንሳል። ያው ገንዘብ ፍሬንና ጎማ ላይ ቢውል መኪናዋ ዙሩን ይበልጥ ቶሎ ትጨርሳለች። ጃፓኖች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ቪትዝን ከቪትዝ ጋር ሲያሽቀዳድሙ ሞተሩን መነካካት አይፈቀድም ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ከሹፌሩና ከቀረው ዝግጅት ነው።

ምሳሌያችን የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ አርኤስ (የስፖርት ዓይነቷ) ትሁን። ሞተሯ 1.5 ሊትር፣ ጉልበቷ 110 ፈረስ ገደማ፣ ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ በታች ነው። ሌላም ትንሽ መኪና ቢሆን አካሄዱ ያው ነው። ይህ ሁሉ ግን ለዝግ ትራክ ነው፤ ለቀለበት መንገድ አይደለም።

1. ጤናዋን መርምሩ

መኪናዋን አንሱና ቴስቲናውን (የመሪ ዘንግ ጫፉን)፣ ጎሚኒዎቹንና ኩሽኔታዎቹን ፈትሹ። የላላ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ የምታንጠባጥብ መኪና ትራክ አትገባም። ሌሎችን ታንሸራትታለች።

2. ፍሬን

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለዚህ አውሉት። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ሳይፈላ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል። እርጥበት ሲገባበት ግን ይህ ልክ ወደ 155 ይወርዳል። ትራክ ላይ ደጋግሞ ፍሬን መያዝ እዚያ ሙቀት ላይ ያደርሳል። ያኔ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናዋም አትቆምም። ስለዚህ ከትራክ ቀን በፊት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ፤ አየሩም በደንብ ይውጣ። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

የፊት ፍሬን ሸራውንም ሙቀት በሚችል ቀይሩ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ባዶ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግማችሁ ፍሬን እየያዛችሁ ፍጥነቷን ቀንሱ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አታቁሟት። ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ እየነዳችሁ ይቀዝቅዝ።

3. ጎማና አሰላለፍ

ያረጀና የደረቀ ጎማ ላይ የሚጨመር ጉልበት ሁሉ ብክነት ነው። በሚገባ የሚይዝ አዲስ ጎማ ግዙ፤ ሰፊ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ንፋሱን ሲቀዘቅዝ 30 ፒኤስአይ አካባቢ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሲሞቅ ይጨምራል። ከጥቂት ዙር በኋላ ወጥታችሁ ሳይቀዘቅዝ ለኩ፣ ግራና ቀኙንም አመጣጥኑ። ከመግባታችሁ በፊት የጎማውን ትከሻ በጠመኔ አስምሩበት። ጠመኔው ወደ ጎን ድረስ ከጠፋ ጎማው እየተጣጠፈ ነው፤ ትንሽ ንፋስ ይጨመር።

ቪትዝ በፊት እግሯ የምትጎተት ስለሆነች ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሄዳል። የፊት ጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ 2 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል ይህ በጣም ይቀንሳል። ይህን ማዘንበል የሚያስተካክል ብሎን ማስገባት ርካሽ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አሰላለፍ ማሽን ላይ ይለካ። አሞርዛተርና ጠንካራ ሞላ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ሞላ ቆርጦ ማሳጠርን ፈጽሞ አልመክርም።

4. ክብደት

ስኮርታውን፣ ክሪኩን፣ የኋላ ወንበሩንና ኮተቱን አውጡ። ከ950 ኪሎ ላይ 40 ኪሎ መቀነስ ለፍጥነት ከ4 እስከ 5 ፈረስ ጉልበት እንደመጨመር ነው። ፍሬኑም ጎማውም ያርፋሉ። ቀበቶና ኤርባግ አይነኩም።

5. አሁን ሞተሩ

ዘይትና ፍልትሮ ይቀየር፣ ካንዴላ ይታይ። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ስለሚሸሽ መጠኑ የላይኛው ምልክት ላይ ይድረስ፤ አይለፍ። ኮፈን ስር ክፍት የአየር ፍልትሮ መስቀል ድምፅ ያሳምራል። ግን የሞተሩን የሞቀ አየር ይስባል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ስስ ነው። አየሩ ከውጭ ይምጣ። የተሻለ የጭስ መውጫና የኮምፒውተር ማስተካከያ ቢጨመርም ትርፉ ብዙ ጊዜ ከ10 ፈረስ ጉልበት አይዘልም።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ሌላ ነገር አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል፤ 110 የተባለው ወደ 85 ይጠጋል። ዱባይ ያላችሁ ይህ አያሳስባችሁም። የናንተ ጠላት ሙቀቱ ነው፤ ራዲያተሩንና ቬንትሌተሩን አጥብቃችሁ ፈትሹ።

6. የትራክ ቀን

ለመኪና ውድድር የተመሰከረ ሄልሜት ያዙ፤ የሞተር ሳይክሉ ለእሳት አይፈተንም። የጎማ ብሎኖችን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) 103 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም ድገሙት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ የዙሩንም ሰዓት ጻፉ። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳታበዙ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ከጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ። ወደ ቤት ከመነሳታችሁ በፊት የሸራውን ውፍረት እዩ፣ የጎማውንም ንፋስ ለመንገድ ወደሚሆነው መጠን መልሱ።