ለልጅ ስም ስትፈልጉ መጀመሪያ አያትን ጠይቁ

ጎንደር ውስጥ ልጅ እየጠበቃችሁ ነው? ብዙ የማይሰማ ስምም አምሯችኋል? እንግዲያው ስልኩን አስቀምጡት። ቡና አፍሉና ትልልቆቹን ሰብስቡ። የቅድመ አያቶቻችሁን ስም አንድ በአንድ ጻፉ፣ በተለይ የሴቶቹን፤ የነሱ ቶሎ ይረሳል። እኔ ማንጠግቦሽን ያገኘሁት እንዲህ ነው። የአያቴ እናት ስም ነበር፣ ከዘመዱ ሁሉ ማንም ለልጁ አላወጣውም። «አንቺን ማን ይጠግባል» ማለት ነው፤ ልጄን በጠራኋት ቁጥር ይህንኑ እላታለሁ።

ስሙን ስታገኙ ማን ለማን እንደሚናገር አዳምጡ። የኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ንግግር ነው። ጥላሁን ስትሉት ልጁን «ጥላ ሁነኝ» እያላችሁት ነው። ፈንታሁንም እንደዚያው «ሁን» ይላል፣ ግን ከጀርባው ሐዘን አለ፤ በሞተው ሰው ፈንታ ሁንልን ነው ነገሩ። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ አስረስም ብዙ ጊዜ የሚወጡት እንዲህ ባለ ቤት ነው። አንለይ ደግሞ ልመና ነው። ስለዚህ ጆሮ ላይ ስላማረ ብቻ አታውጡት። ሐዘን ባልገባበት ቤት ማስረሻ ምኑን ያስረሳል? የሞተባችሁ ካለ ግን ከነዚህ የበለጠ የሚያጽናና ስም እኔ አላውቅም። የቋራው ካሳ ራሱ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ነው ቴዎድሮስ የተባለው፤ በዚያ ስም የሚጠራ ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት ስለነበር። ልጁን ደግሞ ዓለማየሁ አለው። ዓለምን አየሁ።

የግዕዝ ስም ከወደዳችሁ ምንትዋብን አስቡ። «ምንት» በግዕዝ «ምን» ነው፣ ስሙ ሲፈታ «እንዴት ያማረች» ይሆናል። የቁስቋሟ እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር። አንድ ሰው ሦስት ስም! ይህ ለናንተም ይጠቅማል፦ አያት የቅዱስ ስም ይሁን ካሉ አትጣሉ፣ እሱ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ይወጣል፣ የመጠሪያው ግን የናንተ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት ከአባት ስም ጋር አብራችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፤ ሁለቱ ስም ዕድሜ ልክ አብረው ነው የሚነበቡት። ፊደሉንም ያኔውኑ ቁረጡ። ዓለማየሁ በ«ዓ» ነው በ«አ»? የክትባት ካርዱና የልደት ምስክር ወረቀቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ።

በመጨረሻ ስሙን ማን እንዳወጣና ለምን እንደሆነ በወረቀት ጻፉና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አስቀምጡት። የአያቴን እናት ማንጠግቦሽ ያላት ማን እንደሆነ ስጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም።