ነርሲንግን ጎንደር ላይ መማር፦ ከሽምደዳ ወደ አልጋው ዳር

12ኛ ክፍልን በሽምደዳ ያለፈ ጎበዝ ተማሪ ነርሲንግ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው ዋርድ ሲገባ ነው። ሞጁሉ በምዕራፍ በምዕራፍ ተለይቶ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ አልጋው ላይ ያሉት እናት ግን ስኳርም፣ ግፊትም፣ የእግር ቁስልም በአንድ ላይ ይዘው ነው የተኙት። መፍትሔው ቀን ያያችሁትን አንድ ታካሚ ማታ ማንበብ ነው። በሽታውን፣ የታዘዘለትን መድኃኒት፣ መድኃኒቱ ሲሰጥ የሚታየውን አደጋ። በሳምንት አምስት ታካሚ በዚህ መንገድ ያነበበ ተማሪ ለፈተና ሰሞን ሌሊቱን አያነጋም።

መግቢያውን በአጭሩ እንለፈው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ መጀመሪያ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ትምህርት ክፍል የሚደርሰውም በምርጫውና በውጤቱ ነው። ሎጂክን «ለነርስ ምን ያደርጋል» ብሎ የናቀ፣ ምደባ ሲወጣ ይቆጨዋል። በግል ኮሌጅ የምትማሩ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለነርሲንግ ዲግሪ፣ ለዚያው ካምፓስ የሰጠውን ፈቃድ ጠይቃችሁ እዩ። የኮሌጁ ስም መታወቁ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው የመድኃኒት ስሌት ነው። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የታዘዘውን ለያዛችሁት መጠን አካፍሉ፣ ከዚያ በፈሳሹ ሚሊ ሊትር አባዙ። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ 750 ሚሊ ግራም ይሆናል። የ1 ግራሙ ብልቃጥ ተበጥብጦ በጠቅላላው 10 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ የምትሰጡት 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ተማሪ የሚሳሳተው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን ግራምን ወደ ሚሊ ግራም መቀየር ሲረሳ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር በጻፋችሁ ቁጥር መለኪያውን አጠገቡ ጻፉ። ሴፍትሪያክሶንን ካልሲየም ካለው፣ በደም ሥር ከሚሰጠው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት ጋር አትቀላቅሉ፣ ደለል ይፈጥራል። ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ ሳይበረዝ በደም ሥር በፍጹም አይገፋም፤ ልብ ያቆማል።

ለግሉኮስ ጠብታም እንዲሁ። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ከታዘዘና የጠብታ ቱቦው («ሴት» የሚባለው) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነውና 1000 × 20 ÷ 480 = 41.7፣ ማለትም በደቂቃ 42 ጠብታ ነው። የሕፃናቱ ቱቦ በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ስለሆነ መጀመሪያ ማሸጊያውን አንብቡ። ካስተካከላችሁ በኋላም ታካሚው እጁን ሲያጥፍ ፍጥነቱ ይለወጣልና በ15 ደቂቃ ውስጥ ተመልሳችሁ ቁጠሩ።

ሰዓት ሌላው ወጥመድ ነው። የታካሚው መዝገብ (ቻርቱ) ላይ 08:00 ማለት ለአስታማሚው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 14:00 ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት። «8 ሰዓት ላይ ይሰጠዋል» ብላችሁ ለተረኛው ብታስረክቡ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሊፈጠር ይችላል። በርክክብ ጊዜ ሁለቱንም ተናገሩ።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ታካሚው በአማርኛ ነው። «ጎኔን ይወጋኛል»፣ «ምች መታኝ»፣ «የወፍ በሽታ ይዞኛል» የሚለውን ሳታቋርጡ ስሙ፣ በራሱ ቃል ጻፉ፤ ከዚያ መቼ ጀመረ፣ የት፣ ምን ያባብሰዋል ብላችሁ ጠይቁ። ጠበል ገብተው መድኃኒት አቋርጠው እንደሆነ፣ በጾም ከ9 ሰዓት በፊት ክኒን እንደሚውጡ ወይም እንደማይውጡ ሳትፈርዱ ጠይቁ። ፊት ካጠቆራችሁ እማማ «እውጣለሁ» ብለው ከትራሱ ሥር ያኖሩታል።

ቫይታል ሳይን የሚባለው፣ ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ ሙቀትንና የደም ግፊትን መለካት፣ ቀላል ሥራ ነው ተብሎ ይናቃል፣ ግን ሐሰተኛ ቁጥር የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ልጁ እያለቀሰ ከሆነ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ለደም ግፊት ታካሚው 5 ደቂቃ ይረፍ፣ ክንዱ በልብ ልክ ይሁን። ክንድ ላይ የሚታሰረው መጠቅለያ ከጠበበ ግፊቱን ያለልክ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

የነርሲንግ ዕቅድ ስትጽፉ የሐኪሙን ስያሜ አትገልብጡ። «ኒሞኒያ» (የሳንባ ምች) የሐኪሙ ነው፤ የእናንተው «በአክታ ብዛት አየር መተላለፊያው አለመጥራቱ» ነው። ዓላማውም የሚለካ ይሁን፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 በታች ይወርዳል።

ጎንደር ላይ ለመማር ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለ፤ ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ። ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የከሳ ሰውነት ይዘው ይመጣሉ። ሕክምናው ለ17 ቀን በየቀኑ መርፌ የሚሰጥበት ሊሆን ይችላል፤ ከመርፌዎቹ አንዱ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ልብንና ከጨጓራ ጀርባ ያለውን ቆሽት ሊጎዳ ስለሚችል የልብ ምት መዛባትንና የሆድ ሕመምን ነርስ ነው ቀድሞ የሚያየው። ከ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ የመጣው፣ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጡበት ልምድም አለ፤ እዚያ ሰፈሩን ዝም ብላችሁ አትጎብኙ፣ ቤት ለቤት ቁጠሩ፣ መዝግቡ።

ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱንም ጨርሱ፤ በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ነው የሚሰጠው። የተጠቀማችሁበትን መርፌ አትክደኑ፤ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ለውጡ። ከተወጋችሁ በውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ ቁስሉን አትጭመቁ፣ ወዲያው አሳውቁ። የኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ ቢሆን በሰዓታት ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። ማፈር ሰዓቱን ያባክናል።

ለመውጫ ፈተና የምትለማመዱት ጥያቄ «መጀመሪያ ማንን ታያለህ» የሚለው ይሁን። አንዱ ቁስሉን ያመዋል፣ አንዱ 38.2 ትኩሳት አለው፣ አንዱ መውጫ ወረቀት ይጠይቃል፣ አንዱ በደቂቃ 34 እየተነፈሰ ይቁነጠነጣል። አራተኛው ነው፤ መቁነጥነጥ የኦክስጅን ማነስ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ በደብተር ሰብስቡ፤ መልሱን ሳይሆን ለምን እንደተሳሳታችሁ ጻፉ።

ከምርቃት በፊት አንድ የወረቀት ሥራ አለ። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በመታወቂያና በዲግሪ ላይ ያለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደሉ ጭምር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ፊደል ብትዛባ የሙያ ፈቃድ ስታወጡ ዙር ያበዛባችኋል፤ ማስተካከያው ደግሞ ገና ተማሪ እያላችሁ ሬጅስትራር ጋ ቢጀመር ይቀላል።