አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ያለውን እርዳታ እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የካልኩለስ ሚድ ፈተናዬ ሲመለስልኝ ውጤቴ 52 ከመቶ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ኮርስ አውትላይኑ ላይ መምህሩ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪ ቢሯቸው እንደሚቀበሉ ተጽፏል። «አልገባኝም» ለማለት የሰው ቢሮ ማንኳኳት ግን ከበደኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በበሩ አለፍኩ። በአራተኛው ገባሁ። ሰውዬው ብቻቸውን ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ ነበር። ወንበር ሳብ አደረጉልኝና ፈተናውን ከጥያቄ አንድ ጀምረን አየነው። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ስወጣ «ሐሙስም ና» አሉኝ።

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለውጭ አገር ተማሪ የተዘጋጀ ብዙ ነገር አለ። ግን ማንም ፈልጎ አያመጣላችሁም፤ የሚያገኘው የጠየቀ ነው። እኛ ደግሞ ይሉኝታ ይይዘናል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ የሚሠራው ሌላኛው አባባላችን ነው፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። የብዙው አገልግሎት ወጪ ደግሞ በየሴሚስተሩ ከምትከፍሉት ገንዘብ ውስጥ አለበት። መጠየቅ ልመና አይደለም።

ከዚህ በታች ያለው ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ለሚሄዱ ነው።

ደረጃ 1፦ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት

ፓስፖርታችሁን፣ ዩኒቨርሲቲው የሚልክላችሁን አይ-20 የሚባለውን የተማሪነት ማስረጃና የባንክ ማስረጃችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ኤርፖርት የኢሚግሬሽን መስኮት ጋ ስትቆሙ ትልቁ ሻንጣ ገና እጃችሁ አልገባም። ቲኬት ስትቆርጡም ተጠንቀቁ። አይ-20 ላይ ከተጻፈው የትምህርት መጀመሪያ ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ በኤፍ-1 መግባት አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የክትባት ካርዱን ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የኩፍኝና የሌሎች ክትባቶችን ማስረጃ ይጠይቃሉ። ካላመጣችሁ የኮርስ ምዝገባችሁ ሊታገድ ይችላል። የኛ ካርድ ደግሞ በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ካርዱ 1999 ይላል፣ ፓስፖርታችሁ 2006 ተወለዱ ይላል። ለዩኒቨርሲቲው ነርስ ከመወለዳችሁ በፊት የተከተባችሁ ትመስላላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀይረው፣ በእንግሊዝኛ ተጽፈው፣ ማህተም ይደረግበት።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የቲቢ ምርመራ ይታዘዝለታል። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትበናል፤ ጠባሳው ክንዳችን ላይ አለ። በዚህ ክትባት ምክንያት በቆዳ የሚሰጠው ምርመራ በሽታው ሳይኖር «አለ» ሊል ይችላል። የደም ምርመራው ግን በቢሲጂ አይሳሳትም። ስለዚህ «ቢሲጂ ተከትቤያለሁ፤ የደም ምርመራው ይሁንልኝ» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የራጅ ምልልስና የሳምንታት ጭንቀት ልታስቀርላችሁ ትችላለች።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያው ሳምንት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ

እንደገባችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት እዚህ ነው። የቢሮው አማካሪ መድረሳችሁን ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ ያስገባል። ይህ ትምህርቱ ከጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ካልተደረገ ቪዛችሁ ቢኖርም ሕጋዊ ሁኔታችሁ አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚያው ቀን አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ መዝገባችሁን ከኢንተርኔት አውጡና ስማችሁ እንደ ፓስፖርቱ መጻፉን፣ የቪዛው ዓይነትም ኤፍ-1 መሆኑን አረጋግጡ። ስህተት ካለ ቶሎ ሲነገር ነው የሚቀለው።

ቢሮው ሁለት ነገር ከእናንተ ይጠብቃል። ቤት ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ማሳወቅ። ለእረፍት ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ አይ-20 ላይ የጉዞ ፊርማ ማስፈረም። ለሚማር ተማሪ ይህ ፊርማ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ቲኬት ቆርጣችሁ ቦሌ የሚጠብቋችሁን ቤተሰቦች ደውላችሁ ካበሰራችሁ በኋላ ሳይሆን፣ በፊት ነው ፊርማው መታየት ያለበት።

ስለ ቀጠሮም ልንገራችሁ። ኢሜይሉ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ካለ በኛ 3 ሰዓት ነው። በጭንቅላታችን ስድስት ሰዓት እየደመርንና እየቀነስን የምንኖር ሰዎች ድካም ሲበዛ እንሳሳታለን። እኔ በመጀመሪያው ወር ተሳስቼ አንድ ቀጠሮ አምልጦኛል። ስልካችሁ ላይ ወዲያው መዝግቡት። 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀንም ማርች 4 ነው፤ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ።

ደረጃ 3፦ ኮርስ ድሮፕ ከማድረጋችሁ (ከመተዋችሁ) በፊት ጠይቁ

በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታ ነው። ኮርስ ሲከብዳችሁ ጓደኛችሁ አሜሪካዊው «ድሮፕ አድርገውና ተገላገል» ይላችኋል። ለእሱ ልክ ነው። እናንተ ግን ከ12 በታች ከወረዳችሁ የቪዛ ጉዳይ ይሆናል። በሕመም ምክንያት ወይም መጀመሪያ ላይ ቋንቋውና የማስተማር ዘዴው አዲስ ሲሆን አማካሪው ጫናውን እንዲቀንስላችሁ ሊፈቅድ ይችላል። ፈቃዱ ግን ኮርሱን ከመተዋችሁ በፊት ነው የሚገኘው።

ደረጃ 4፦ የትምህርት እርዳታ

ኦፊስ አወር ላይ፣ ማለትም መምህሩ ተማሪ በሚቀበሉበት ሰዓት ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሞከራችሁትን ወረቀት ያዙና «እዚህ ድረስ ደረስኩ፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» በሉ። መምህሩ «በስሜ ጥሩኝ» ካላችሁ በስሙ ጥሩት፤ ካላላችሁ «ፕሮፌሰር» ከአባት ስም ጋር።

የጽሑፍ ማዕከል ወይም ራይቲንግ ሴንተር የሚባለውን ብዙ የኛ ልጆች የሚያስቡት እንግሊዝኛ ለማይችሉ እንደሆነ ነው። አይደለም። አሜሪካዊውም ይሄዳል። ቀጠሮ ይዛችሁ ረቂቁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። አብሯችሁ የሚቀመጠው ሰው ስህተቱን አርሞ አይሰጣችሁም፤ እየጠየቀ ራሳችሁ እንድታርሙት ያደርጋችኋል። ማስረከቢያው ነገ ሊሆን ማታ ከመሄድ ሳምንት ሲቀረው ሂዱ። ምንጭ አጠቃቀሱንም ጠይቁ። ከመጽሐፍ የወሰዳችሁትን ሳትጠቅሱ መጻፍ እዚያ እንደ ስርቆት ይቆጠራል፤ እስከ መባረርም ያደርሳል።

መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ቤተ መጻሕፍት ጎራ በሉ። ለኮርሱ የተመደበው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት በውሰት ይገኛል። እነሱ ጋ ከሌለ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊያስመጡላችሁ ይችላሉ። ላፕቶፕና ካልኩሌተር የሚያውሱም አሉ።

ደረጃ 5፦ ሥራና ገንዘብ

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ።

በኤፍ-1 ግቢ ውስጥ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። በእረፍት ጊዜ ሙሉ ሰዓት ይቻላል። ቤተ መጻሕፍት፣ ካፌቴሪያ፣ ላብራቶሪ፣ ጂም፣ የትም ይሁን። ሥራውን ስታገኙ ከቀጣሪው ክፍልና ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ደብዳቤ ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዳችሁ ደሞዝና ግብር የሚመዘገብበትን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ታወጣላችሁ። ያለ ሥራ ቁጥሩ አይሰጥም።

ዋሽንግተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ ግን አንድ ቀን ይህ ይመጣል፦ «ቅዳሜና እሁድ ሬስቶራንቱ ጋ እርዳን፤ በካሽ ነው።» ዘመድ ነው፣ በክፉ አስቦ አይደለም። እሱ የመጣበት መንገድ ሌላ ስለሆነ የናንተን ሕግ አያውቀውም። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት፣ የምግብ ማድረስም ሆነ የታክሲ ሥራ በአፕ፣ የኤፍ-1 ሁኔታችሁን ያፈርሳል። «አጎቴ፣ ቪዛዬ አይፈቅድልኝም» ማለት ከባድ ነው። ግን በሉት።

ደሞዝ ስትቀበሉ ወረቀቱን በደንብ አንብቡት። የኤፍ-1 ተማሪ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት የካላንደር ዓመታት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ጤና መድን) ግብር አይከፍልም። ሁለቱ ተደምረው 7.65 በመቶ ናቸው። ከተቆረጠባችሁ የደሞዝ ክፍሉን ጠይቁ፤ ሊመለስላችሁ ይችላል። የዓመት ግብር ማሳወቂያ ጊዜ ሲመጣም ገቢ ባይኖራችሁ እንኳ ፎርም 8843 የሚባለውን ትሞላላችሁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪ የግብር ሶፍትዌር በነፃ ይሰጣሉ። ለአሜሪካውያን የተሠራውን አትጠቀሙ፤ ያለ አግባብ እንደ ነዋሪ ያስሞላችኋል።

መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ ሠራተኛው «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ሊል ይችላል። መልሱ «አይ፣ ዜጋ አይደለሁም» ነው። የዜግነት ሳጥን ላይ በስህተት ምልክት ማድረግ የዕድሜ ልክ መዘዝ ያመጣል።

ገንዘብ ሲያጥርስ? ብዙ ግቢዎች ፉድ ፓንትሪ የሚሉት ቦታ አላቸው። የተማሪ መታወቂያ አሳይታችሁ ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ፓስታ ትወስዳላችሁ። ማንም አይጠይቃችሁም። ወሩ እስኪደርስ በዳቦ ከመዋል ሂዱ።

በሙያችሁ ለመሥራት ሲፒቲ (ትምህርት ላይ እያላችሁ) እና ኦፒቲ (በአብዛኛው ከተመረቃችሁ በኋላ) የሚባሉ ፈቃዶች አሉ። ኦፒቲ 12 ወር ነው። ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ ላጠኑ 24 ወር ሊጨመርበት ይችላል። ማመልከቻው ትምህርቱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ይከፈታል። በሲፒቲ ሙሉ ሰዓት 12 ወር የሠራ ግን ለዚያ ዲግሪ ኦፒቲውን ያጣል። ሕጉ ስለሚቀያየር የፌስቡክ ግሩፕ ወሬ ይዛችሁ አትወስኑ። አማካሪውን ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ይላክላችሁ።

ደረጃ 6፦ ጤና

ትንሽ ሲያማችሁ የተማሪዎች ክሊኒክ እንጂ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ አትሂዱ። ኢንሹራንስ ቢኖርም የኢመርጀንሲ ሂሳብ ያስደነግጣል። የእውነት አደጋ ከሆነ ግን 911 ደውሉ፤ ስለ ገንዘቡ በኋላ ይታሰባል።

ካውንስሊንግ የሚባለውንም «ላበደ ሰው ነው» አትበሉ። ጃንዋሪ ላይ ብዙ ቦታ ከቀኑ በኛ 11 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። እናት በስልክ «ደህና ነህ?» ስትል «ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘግቶ ግድግዳ ማየት አለ። አልፌበታለሁ። የምትነግሯቸው ነገር ሚስጥር ሆኖ ይያዛል። ለአስተማሪም ለቤተሰብም አይነገርም፤ ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር።

ደረጃ 7፦ ሰው ወዳለበት ውጡ

ኦሪየንቴሽን አያምልጣችሁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሳምንታዊ የቡና ሰዓት፣ የቋንቋ ልምምድ ጓደኛና ከአካባቢው ቤተሰብ ጋር የማስተዋወቅ ፕሮግራም አላቸው። ሴሚስተሩ ሲጀምር ተመዝገቡ፤ ቦታው ይሞላል።

ታንክስጊቪንግ የሚባለው የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ሁልጊዜ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። ግቢው ጭር ይላል፣ አንዳንድ ዶርም ይዘጋል። ቤተሰብ ቢጋብዛችሁ ሂዱ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ አንዳንድ ዓመት በዓሉ ጾም ላይ ይውላል። «ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ አልበላም» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ለጋባዧ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ከመስማት ይሻላታል። ሙስሊም ተማሪዎችም በረመዳን ካፌቴሪያውን ጠይቁ፤ ለሱሁር ምግብ ቀድሞ የሚያዘጋጁ ግቢዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የዓለም አቀፍ ትምህርት ሳምንት ይከበራል። ለኛ ይህ የቡና ሳምንት ነው። የኢትዮጵያውያን ወይም የሀበሻ ተማሪዎች ማኅበር ካለ ከእነሱ ጋር፣ ከሌለ በዓለም አቀፍ ቢሮው በኩል አዘጋጁ።

አዳራሹን ከአንድ ወር በፊት ያዙ። ከተማሪዎች ምክር ቤት በጀት መጠየቅ ይቻላል፤ ቅጹን ቀድማችሁ ሙሉ። ጥሬ ቡና ቤት ውስጥ አትቁሉ፣ እጣንም አታጭሱ። የጭስ ጠቋሚው ይጮህና ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ፈቃድ ካገኛችሁ ደጅ ላይ ቁሉት፤ ካልሆነ ተቆልቶ የመጣ ያዙና ሽታውን እንግዶቹ ከወቀጣው ያግኙት። ከአዲስ አበባ የመጣ የኤሌክትሪክ ምድጃ በ220 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በአሜሪካው 120 ቮልት ጀበናውን ለማፍላት አቅም ያንሰዋል። እዚያው የተገዛ ተጠቀሙ።

ፈንዲሻውን በትልቅ ሳህን አድርጉት። አቦሉ ሲቀዳ አዳራሹ ሙሉ ይሆናል፤ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ቶና ላይ ግማሹ ይቀራል። በረካ እስኪቀዳ የሚቆዩት አራት ወይም አምስት ሰዎች ናቸው። የእነሱን ስልክ ቁጥር ተቀበሉ።