ተርሚናሉ ቀርቷል፣ መመሪያው ግን አልሰማም

ጣና ዳር ዓሣ ለሚመዝኑ የባሕር ዳር ልጆች የሠራነው መመዝገቢያ ፕሮግራም ከአዲሱ ቨርዥን ጀምሮ በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚገባበት መስኮት፣ አይሠራም፤ ሁሉም ነገር በብሮውዘር ሆኗል። ኮዱን ማውጣት ቀላል ነበር። መከራው መመሪያው ላይ ነው። አንዷ ደውላ «ወንድሜ፣ የተጻፈውን አስገባሁ፣ ትእዛዙ አልተገኘም ይለኛል» አለችኝ።

መጀመሪያ በጊት ግሬፕ (git grep፣ በፕሮጀክቱ ፋይሎች ውስጥ ቃል የሚፈልግ ትእዛዝ) የድሮውን የተርሚናል ትእዛዝ ስም ፈለግኩ። ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሑፍ)፣ የመጫኛው ገጽ፣ የስህተት መልእክቶቹ ሳይቀሩ ይዘውት ተገኙ። ስሙን ብቻ መፈለግ ግን አይበቃም፤ በትእዛዞቹ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ጭረቶች (--) እና ከትእዛዝ በፊት የሚጻፈውን የዶላር ምልክት ($) ጭምር ፈልጉ፣ ብዙ ምሳሌ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ያገኘሁትን ዝም ብዬ አልሰረዝኩም። «አምባዛ 12 ኪሎ» ብሎ የሚመዘግበው የድሮ ምሳሌ በነበረበት ቦታ ያንኑ ሥራ በብሮውዘር ጻፍኩት፦ «አዲስ ሚዛን» የሚለውን ይጫኑ፣ የዓሣውን ዓይነት ይምረጡ፣ ኪሎውን ያስገቡ፣ በቃ። የድሮውን ገጽ ሊንክ ሰው በቴሌግራም ተቀባብሎታል፤ ስለዚህ ወደ አዲሱ እንዲመራ አደረግኩት።

የተርሚናሉ መቅረት ቼንጅሎጉ (የለውጦች መዝገቡ) ላይ «የተወገደ» በሚለው ስር ገባ። ነባር አሠራር ስለቀረ ቨርዥኑም 2.0.0 ሆነ። በክሮን (ትእዛዝን በተቀጠረለት ሰዓት ራሱ በሚያስኬድ መሣሪያ) ሌሊት ሌሊት ሪፖርት የሚያወጡት ሰዎች የድሮውን ትእዛዝ የሚጠራው ስክሪፕታቸው ስለሚቆም፣ ለእነሱ ለብቻው ክፍል ጻፍኩ፣ ከገጹ አናት ላይ።